ዕጣ የላከው ሐኪም

ዕጣው በሚወጣበት ቀን አዳራሹ ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ከስድስት ዓመት በላይ አብረን የበላን፣ በአንድ መኝታ ቤት ያደርን፣ በአንድ አስከሬን ላይ የሰውነት ክፍሎችን ያጠናን ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ስም ይጠራል። የተጠራው ይነሣል፣ እጁን ሰዶ አንዲት የተጠቀለለች ወረቀት ያወጣል፣ ይፈታና ጮክ ብሎ ያነባታል። የተጻፈባት የክልል ስም ነው። አንዲት የክፍላችን ልጅ ምሥራቁ ጠረፍ ደረሳት፤ እጮኛዋ ከእሷ ጥቂት ቀደም ብሎ ምዕራቡን ስቦ ነበር። ወረቀቷን እንደያዘች ወደ ወንበሯ መመለሱን ረስታ ቆማ ቀረች። የእኔን ክልል ስሙን እንጂ መንገዱን አላውቀውም ነበር። ክልሉ ለዞን፣ ዞኑ ለወረዳ አሳልፎ ሰጠኝና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሻንጣዬን ይዤ ከአንድ ትንሽ ሆስፒታል በር ላይ ቆምኩ።

በኢትዮጵያ አዲስ ሐኪም ለብዙ ዓመታት ወደ ሥራ የሚገባው በዚህ መንገድ ነበር። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተመራቂዎችን ሰብስቦ በዕጣ ይደለድል ነበር። ሩቅና አስቸጋሪ ለሚባሉት ክልሎች የአገልግሎቱ ዘመን ሁለት ዓመት ያህል ነበር፤ ለመሀል የቀረበ ቦታ የደረሰው ከዚያ በላይ ይቆይ ነበር። ዘመኑን እስኪጨርስ ድረስ ኦርጅናል ዲግሪው አይሰጠውም ነበር። በእጁ የሚኖረው ጊዜያዊው፣ እኛ «ቴምፖ» የምንለው ወረቀት ነበር። መልቀቂያ ያላገኘ ሐኪም ሌላ ቦታ ተቀጥሮ መሥራትም ሆነ ስፔሻሊቲ መማር ይቸግረው ነበር።

መንግሥት አንድን ወጣት ሐኪም «ሂድና እዚያ አገልግል» ብሎ ማስገደድ ይገባዋል ወይ? መልሴን ሳላጓትት ልናገር። ይገባዋል። ግን አስገዳጁም ራሱን ማስገደድ አለበት። ሐኪሙን የሚያስር ሕግ ጨርሶ ኦክሲጅኑን፣ ደመወዙን፣ የሚጠየቅ አዛውንት ሐኪሙን የማያስር ከሆነ የሚያደርገው ነገር ቢኖር የከተማውን ችግር ከአንድ ወጣት ጋር አሳፍሮ ወደ ገጠር መላክ ነው። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤ የደረስኩበት ሆስፒታል ነው።

* * *

በመጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያስፈልግ እንይ። በአገራችን የጤና አደረጃጀት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል ተብሎ ነው የሚሠራው፤ እዚያ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሰው ይይዛል። ከዚያ በላይ ያለው፣ ሐኪም የሚገኝበት የመጀመሪያው ደጃፍ፣ ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው የታሰበለት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። እንግዲህ ከዚህ ሆስፒታል ሐኪም ሲጠፋ የጎደለው አንድ ሠራተኛ ብቻ አይደለም። አንድ ወረዳ ሙሉ ምጥ የሚፈታበት፣ የተቋጠረ አንጀት የሚከፈትበት፣ የማጅራት ገትር ከወባ የሚለይበት ቦታ ያጣል።

ጁሊያን ቱዶር ሃርት የሚባል ሐኪም ነበር። በዌልስ የድንጋይ ከሰል በሚቆፈርባት ግሊንኮሩግ በምትባል መንደር ሠላሳ ዓመት ያህል ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ ጻፈ፤ ጥሩ ሕክምና የሚበዛው እምብዛም በማያስፈልግበት ቦታ ነው፣ የሚሳሳው ደግሞ እጅግ በሚያስፈልግበት ነው የሚል። የእንግሊዝን አገር አይቶ ነው የጻፈው፤ ሕክምና በነፃ በሚሰጥበት፣ መንገዱ ሁሉ አስፋልት በሆነበት አገር። እዚያ እንዲህ ከሆነ፣ ከአራት ሰው ሦስቱ ያህል ገጠር በሚኖርበት በእኛ አገር ሐኪም በራሱ ፈቃድ እኩል ይዳረሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ሐኪምም እንደ ማንኛውም ሰው ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ ማታ የሚያጠናበት መብራት፣ ተጨማሪ ገቢ የሚያገኝበት ክሊኒክ ወዳለበት ያዘነብላል። በዚህ ማንንም አልወቅስም።

ከዚያ ደግሞ ዕዳው አለ። የሕክምና ትምህርት ውድ ነው፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሐኪም ወጪውን በአብዛኛው የከፈለለት ሕዝቡ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጣው የወጪ መጋራት ተማሪው ከደመወዙ እየቆረጠ እንዲመልስ ያደርጋል፤ የሚመለሰው ግን ከፊሉ ነው። የመሬት ግብር የሚከፍለው፣ ጨውና ሳሙና ሲገዛ ቀረጥ የሚከፍለው ገበሬ የእኔን አናቶሚ ከፍሏል። እሱ ሲታመም እኔን ማየት አለመቻሉ ልክ አይደለም። የግዴታ አገልግሎት ደጋፊዎች ከሚያነሡት ሁሉ እኔን የሚያሸንፈኝ ክርክር ይህ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልሂድ።

ከደረስኩ አራተኛው ወር ላይ ነው። ስምንት ሰዎች እየተፈራረቁ በቃሬዛ የተሸከሟት ሴት እኩለ ሌሊት ገደማ ደረሰች። ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን አልፏታል። ምጧ ቆሟል፤ ሆዷ ቅርጹን ለውጧል። አዋላጇ እጇን ሆዱ ላይ ጣል አድርጋ አነሣችና ወደ እኔ ዞር አለች። «ዶክተር፣ ማህፀኗ ተቀዷል» አለችኝ በቀስታ። የልብ ትርታ ፈለግን፤ አጣን። ሕፃኑ መንገድ ላይ ሞቷል።

እኔ በኢንተርንነቴ ጊዜ በኦፕራሲዮን የማዋለድ ሥራ ረድቻለሁ፤ ጥቂት ጊዜም ከላይ የሚቆጣጠረኝ ሬዚደንት ቆሞ ራሴ ሠርቻለሁ። የተቀደደ ማህፀን ግን ሲወጣ ከሩቅ አይቼ እንጂ በእጄ ነክቼ አላውቅም። በከተማው ሆስፒታል ቢሆን ከእኔ በላይ ሬዚደንት፣ ከሬዚደንቱ በላይ ስፔሻሊስት አለ። እዚህ ከእኔ በላይ ቆርቆሮው ነው ያለው። ደም ባንክ የለም፤ ከተሸከሟት ሰዎች ሁለቱ ደማቸው ከእሷ ጋር ስለገጠመ እጃቸውን ዘረጉ። ሰመመን ሰጪው ኬታሚኑን ለካ። ጄኔሬተሩ ተነሣ።

በኦፕራሲዮን ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከመብራት ማጥፊያው ጎን፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሐኪም በእርሳስ የጻፈው የስልክ ቁጥር ነበር። ስም የለውም፤ «ቢጨንቅህ ደውል» ይላል። ሆዷን ከፍቼ ደሙ ሲሞላብኝ ያ ጽሑፍ ታየኝ። የጽዳት ሠራተኛዋን ለመንኳት፤ ደውላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። በሪፈራል ሆስፒታሉ የሚሠራ አዛውንት የማህፀን ሐኪም ነበሩ፤ ከእንቅልፋቸው ቀስቅሼያቸዋለሁ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። «ስማኝ ልጄ፤ መጀመሪያ የሚደማውን ያዝ። ያዝከው? እሺ፤ አሁን ትንፋሽ ውሰድ» አሉኝ። ኔትወርኩ ሁለቴ ተቋረጠ፤ ሁለቴም መልሰው ደወሉ። ሲነጋጋ ሴትዮዋ ማህፀኗን አጥታ ሕይወቷን ይዛ ወደ አልጋ ተወሰደች። አዋላጇ ጓንቷን እያወለቀች «አይዞህ» አለችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ያለችኝ ያን ሌሊት ነው።

ይህን የምነግራችሁ የገጠር አገልግሎት ክርክር ሁለቱም ጎኖች በዚያች አንዲት ሌሊት ውስጥ ስላሉ ነው። ዕጣ ባያመጣኝ ኖሮ ሴትዮዋ ትሞት ነበር። ዕጣው ግን ያመጣው ሥራውን ገና ያልለመደ እጅ ነው። በግድግዳ ላይ የተጻፈው ቁጥር የማንም መሥሪያ ቤት ዕቅድ አልነበረም። የአንድ ደግ ሰው ስልክና የአንድ አስተዋይ ልጅ እርሳስ ነው። ቁጥሩ ባይኖር ኖሮስ? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

* * *

ወጣትን ለአገልግሎት ወደ ገጠር መላክ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። እዚያ የሚሠለጥኑት ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበሩ፤ አብረው ይማሩ፣ አብረው በቡድን ይላኩ፣ ልምምዳቸውንም በገጠር ጤና ጣቢያ ያደርጉ ነበር። ከዚያ የሚወጣው ባለሙያ ወደ ገጠር ሲሄድ ወደ ባዕድ ቦታ አይሄድም ነበር። የተማረውን በሽታ፣ የተለማመደበትን ክፍል፣ የሚያውቃቸውን የሥራ ጓዶች ነበር የሚያገኘው። ስለ ግዴታ አገልግሎት ባሰብኩ ቁጥር ወደዚህ እመለሳለሁ፤ ከሰባ ዓመት በፊት የተሠራ ሆኖ በኋላ ከመጡት ብዙ ዕቅዶች የበለጠ የታሰበበት ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው አገልግሎት ደግሞ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በአብዛኛው በማስተማር ክፍለ ሀገር እንዲያሳልፉ ያስገድድ ነበር። ከዚያ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ፤ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘመተ። ከዚያ ትውልድ ወዲህ በብዙ ቤት «ግዴታ» የሚለው ቃል ሲነሣ አብሮት ፍርሃት ይነሣል። አባቴ የምደባዬን ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀኝ «የምትመለስበት ቀን ተጽፏል ወይ?» ብሎ ነው።

ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መጨረሻው የተጻፈ ግዴታና መጨረሻው ያልታወቀ ግዴታ አንድ አይደሉም።

በሕክምናው ዓለም ይህን ሐሳብ ቀድመው ከጀመሩት አንዷ ሜክሲኮ ናት። እ.ኤ.አ. በ1936 የሜክሲኮ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት በገጠር እንዲያገለግሉ አደረገ፤ ሐሳቡን የገፋው ጉስታቮ ባዝ የሚባል የሕክምና መምህር ነው። ሐኪም አይተው የማያውቁ መንደሮች ሐኪም አዩ። ግን ነገሩ በዚያ አልቆመም። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም የገጠሩን ክሊኒክ በአብዛኛው የሚሸከመው ይኸው ገና ያልተመረቀ፣ ትንሽ የኪስ ገንዘብ የሚሰጠው ተማሪ ሆኖ ቀረ። መንግሥት በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ስለሚመጣለት ቋሚ ሐኪም ለመቅጠር የሚያስገድደው ነገር አጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 በዱራንጎ ግዛት አንድ ይህን አገልግሎት የሚፈጽም ወጣት በሥራ ላይ እያለ በጥይት ተገደለ፤ በአገሪቱ የሕክምና ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ግዴታው መንግሥትን ሥራውን እንዲሠራ ከማገዝ ይልቅ ሥራውን እንዳይሠራ የሚያሳርፈው ትራስ ሲሆን እንዲህ ይሆናል።

ታይላንድ ሌላውን መንገድ ታሳያለች፤ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መቆየት እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የታይላንድ ሐኪሞች በብዛት ወደ አሜሪካ ይጎርፉ ነበር። መንግሥት በዚያ አሥርት ዓመት ማብቂያ አካባቢ ተመራቂ ሐኪሞች ሦስት ዓመት በመንግሥት ሥራ፣ በተለይም በገጠር፣ እንዲያገለግሉ ደነገገ፤ ውሉን ያፈረሰ ይቀጣል፤ ቅጣቱ በኋላ 400,000 ባት ደርሷል። እስከዚህ ድረስ ከእኛው የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ቀጥሎ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1986 በነበረው የአምስት ዓመት ዕቅድ መንግሥት በከተማ ሆስፒታሎች ላይ የሚያፈሰውን የግንባታ ገንዘብ አቆመና ወደ ወረዳ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ አዞረው። አምስት ዓመት ሙሉ! የዋና ከተማ ሐኪሞች፣ ባለሥልጣናትና ሀብታሞች የሚታከሙበት ሕንፃ ይጠብቅ ተባለ። በአንድ አገር እንዲህ ያለ ውሳኔ ለማሳለፍ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የበጀት ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል።

ስለዚህ የታይላንዱ ወጣት ሐኪም ወረዳው ሲደርስ የሚሠራበት ክፍል ጠበቀው። ቆይቶም ለአስቸጋሪ ቦታ የተለየ አበል፣ የግል ክሊኒክ ለማይሠራ ማካካሻ ተጨመረ። የገጠር ሐኪሞቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ድምፃቸው በአገሪቱ የጤና ፖለቲካ የሚሰማ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን መርጦ፣ በከፊል በክፍለ አገር ሆስፒታል አስተምሮ ወደ መጡበት የሚመልስ ፕሮግራም ተከፈተ። ቅጣቱን ከፍለው የሚሄዱ አልጠፉም፤ የግል ሆስፒታል ሲስፋፋ ብዙዎች ወደዚያ ሄደዋል። ሆኖም ስለ ታይላንድ ሲወራ የሦስት ዓመቱን ግዴታ ብቻ አንሥቶ የአምስት ዓመቱን የበጀት ውሳኔ መተው ታሪኩን ገምሶ ማውራት ነው።

* * *

ስለ ሕግ አጭር ነገር ልበል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 18 ሰውን አስገድዶ ማሠራትን ይከለክላል፤ እንደ ወታደራዊ አገልግሎትና ድንገተኛ አደጋ ያሉትን ለይቶ ያስቀምጣል። ታዲያ የሐኪም ምደባ ግዳጅ ነው ወይስ ውል? ደጋፊዎች ውል ነው ይላሉ፤ ተማሪው ሲገባ ፈርሟል። እኔም ፈርሜአለሁ። ስፈርም አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ወረቀቱን ከምዝገባ ቅጽ ለይቼ አላየሁትም። ኢንዶኔዥያ ለስፔሻሊስት ሐኪሞች የግዴታ አገልግሎት ደንግጋ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድንጋጌውን እ.ኤ.አ. በ2018 ሽሮት በሚቀጥለው ዓመት በፈቃደኝነት በሚሆን ተተክቷል። ለእኔ ጉዳዩን የሚወስነው የፊርማው መኖር ብቻ አይደለም። በውል ሁለት ወገን ይፈርማል፤ አንዱ ሲያፈርስ ሌላው የሚጠይቅበት መንገድ አለው። በምደባዬ ዘመን ሦስት ወር ሙሉ የዲዩቲ ክፍያ ሳይደርሰን ቆይቷል። ኦክሲጅን ሲያልቅ አምቡላንሱ ሲሊንደር ሊያስሞላ ሄዶ ሁለት ቀን ይቀራል፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ቢመጣ እጄን አጣጥፌ ከማየት ሌላ ምርጫ የለኝም። እኔ አንድ ሳምንት ብጠፋ ዲግሪዬን አጣለሁ። ኦክሲጅኑ ቢጠፋ ማን ምን ያጣል?

ይህን ሁሉ አስተካክለንም ቢሆን ሌላ ጥያቄ ይቀራል፤ እሱም ከሁሉ ከባዱ ነው። ግዴታ ሐኪምን ያመጣል፤ ማቆየት ግን አይችልም።

ሞዛምቢክ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን ጀመረች። በኋላ አጥኚዎች ወደ ወረዳ ሆስፒታል የተመደቡትን ሐኪሞችና እነዚህን ባለሙያዎች ከሰባት ዓመት በኋላ የት እንዳሉ ተከታተሉ። ከባለሙያዎቹ 88 በመቶው አሁንም በወረዳ ሆስፒታል ይሠሩ ነበር። ከሐኪሞቹ አንድም አልተገኘም። ይህን ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ጥናቱን አስቀምጬ ቆየሁ። ምክንያቱም ያንን ነገር በሆስፒታሌ የማዋለጃ መዝገብ ላይ አይቼዋለሁ። መዝገቡን ወደ ኋላ ስገልጥ በሐኪም ዓምድ ሥር ያለው ፊርማ በየዓመቱ፣ በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ቦታ ለወራት ባዶ ነው። በአዋላጅ ዓምድ ሥር ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያቺው አንዲት ፊርማ ናት። የዚያው ወረዳ ልጅ ነበረች። እናቷ ከሆስፒታሉ በእግር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንደር ይኖራሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ገጠር ጤና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውና በ2021 ያደሰው መመሪያም ቀዳሚ አድርጎ የሚመክረው ተማሪን ከገጠር መቀበልን ነው። ጃፓን ይህን ገና እ.ኤ.አ. በ1972 ጀምራዋለች። በዚያ ዓመት በተከፈተው የጂቺ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዱ አውራጃ በየዓመቱ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪ ይልካል፤ ክፍያውን አውራጃው ይሸፍናል፤ ሐኪሙ ሲመረቅ ወደ ላከው አውራጃ ተመልሶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ያገለግላል። በአገራችንም የቅርብ ምሳሌ አለ። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን የፊስቱላን ሕክምና የሕይወት ሥራቸው ካደረጉ በኋላ፣ የበሽታው ምንጭ በጊዜ ያልተፈታ ምጥ መሆኑን አይተው እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ከፈቱ። ኮሌጁ ሴት ልጆችን ከገጠር ተቀብሎ አሠልጥኖ ወደ መጡበት አካባቢ ይመልሳል። እነዚህም ውል ይፈርማሉ። ልዩነቱ ውሉ የሚልካቸው ወደ ቤታቸው መሆኑ ነው።

በእኔ ዕጣ ጊዜ ማንም «የየት አገር ልጅ ነህ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ዕጣ ፍትሐዊ ነው ይባላል፤ አድልዎን ይከላከላልና እውነት አለው። ዘመድ ያለው አዲስ አበባ፣ ዘመድ የሌለው ጠረፍ እንዳይሄድ ያደርጋል። ነገር ግን ለሐኪሞቹ እኩል የሆነው ዕጣ ለወረዳው ሕዝብ ምን እንደሚያመጣለት አይጠይቅም። ቋንቋውን የማይችል ሐኪም ያመጣለታል። እኔ በሽተኛዬን ለስድስት ወር በዘበኛው አስተርጓሚነት ነው ያናገርኩት፤ አንዲት ሴት ለወንድ ዘበኛ ምን ልትናገር እንደማትችል ማሰብ አያቅትም።

* * *

አሁን ጥያቄው ራሱ መልኩን ቀይሯል። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የነበሩት የሕክምና ትምህርት ቤቶች አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ብቻ ነበሩ። ከዚያ መንግሥት በብዛት ማሠልጠንን መረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ብቻ በ13 ቦታ አዲስ የሕክምና ፕሮግራም ተጀመረ። ሐኪሙ በዛ። የወረዳው የደመወዝ በጀት ግን በዚያው ልክ አልበዛም፤ የዕጣው ምደባም ቀረ። ውጤቱ በየቤቱ የምናውቀው ነው፤ ተመርቆ ወር በወር የቅጥር ማስታወቂያ የሚያነብ ሐኪም እና ሐኪም የሌለው የወረዳ ሆስፒታል በአንድ አገር አብረው ይኖራሉ። በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞች ነጭ ጋዋን ለብሰው ጥያቄያቸውን ይዘው ወጡ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። በግጭት ቀጠና ያሉ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ባለሙያዎች ታግተዋል፣ ተገድለዋል።

በዚህ ላይ ግዴታን ብቻ መልሶ ማምጣት ምን ይጠቅማል? ሊሄድ የሚለምን ልጅ ሞልቶ ሳለ የሚያስገድድ ሕግ ችግሩን አልፎ ይሄዳል። የጎደለው ፈቃደኛ ሳይሆን ክፍት የሥራ መደብ ነው፤ መደቡም የሚከፈተው በገንዘብ ነው። እኔ ብጠየቅ ግዴታው ይመለስ፣ አጭርና መጨረሻው በቀን የተቆረጠ ይሁን እላለሁ፤ ነገር ግን ደመወዙ ከወረዳው ደካማ ካዝና ወጥቶ ከማዕከል ይከፈል። በአንድ ሆስፒታል አንድ ሐኪም ብቻውን አይመደብ፤ ብቸኝነት ከድካም ይብሳል፣ ስሕተትም ይወልዳል። እያንዳንዱ ትንሽ ሆስፒታል ከአንድ ሪፈራል ሆስፒታል ጋር ይታሰር፤ ሌሊት ስልክ የሚያነሣው ሰው በተራ ይመደብ፣ ለዚያም ይከፈለው። ያገለገለ ሐኪም ለስፔሻሊቲ ትምህርት ቅድሚያ ያግኝ። መንግሥት የገባውን ሳይፈጽም ለምሳሌ ስድስት ወር ቢያልፍ ሐኪሙ ዘመኑ እንደተቆጠረለት ወደ ሌላ ወረዳ የመዛወር መብት ይኑረው። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ፤ ወረዳው ሐኪሙን የማጣት ስጋት ካለበት ሲሊንደሩ ሁለት ቀን አይቀርም።

እኔ ዘመኔን ጨርሼ፣ ዲግሪዬን ተቀብዬ፣ ሬዚደንሲ ገባሁ። አልቆየሁም። አዋላጇ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ፤ ሰባት ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። ከመሄዴ በፊት ባለው ምሽት ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ገብቼ ከአዛውንቱ ሐኪም ቁጥር ሥር የራሴን በእርሳስ ጻፍኩ። ከእኔ በኋላ ያ ቦታ ለአምስት ወር ሐኪም አልነበረውም።

አንድ ቀን ሌሊት፣ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ የማላውቀው ቁጥር ጠራኝ። ድምፁ የወጣት ነው፤ ይንቀጠቀጣል። ከኋላው የጄኔሬተሩ ጩኸት ይሰማል። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አያውቁኝም። ግድግዳው ላይ…» አለኝና ቀጥሎ የምትናገረው ያቺው አዋላጅ ሆነች። ስልኩን ጆሮው ላይ የያዘችለት እሷ ነበረች።

ተነሥቼ መብራቱን አበራሁ።

«መጀመሪያ የሚደማውን ያዝ» አልኩት።